የመዥገር መድኃኒት ወተት ውስጥ እንዳይገባ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥገት ላም አይቨርመክቲን መውጋት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ ክረምት ገብቶ መዥገር ሲበዛ ብዙ አርቢ የሚቀለውን ይመርጣል፤ አንድ መርፌ የሆድ ትሉንም ይገድላል፣ ቅማልና መዥገሩንም ይቀንሳል። ነገር ግን መድኃኒቱ ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ከቆዳ ሥር ቀስ እያለ ይወጣና ለሳምንታት ከወተቱ ጋር ይታለባል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን አያጠፋም። በሁዳዴ ደግሞ ይብሳል፦ ወተት ፈላጊ ሲያጣ ይናጣል፣ ቅሪቱም ከአሬራው ይልቅ ቅቤው ላይ ይጠራቀማል። ለፋሲካ ገበያ የሚወጣው ያው ቅቤ ነው። መውጋት የግድ ከሆነ ላሟ ስትነጥፍ፣ ለመውለድ 2 ወር ያህል ሲቀራት ይሁን፤ ጠርሙሱ ላይ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ከተጻፈ እሱን ይከተሉ።

በክዳን መለካት። 12.5% የሆነው አሚትራዝ ለከብት መዥገር በ1 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፤ ለ10 ሊትር 20 ማለት ነው። የክዳን መጠን ግን እንደ ጠርሙሱ ይለያያል፤ መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ ይጠቀሙ። መጠኑ ሲበዛ ቅሪቱ ይጨምራል። ሲያንስ መዥገሩ ይለምደዋል፣ ከዚያ ሰው በየጊዜው መጠኑን ከፍ እያደረገ ይሄዳል። የተበጠበጠውን ለነገ አያሳድሩ፤ ኃይሉን ያጣል።

ረጭቶ ማለብ። ቅደም ተከተሉ፦ ጠዋት ይታለባል፣ ወተቱ ከጋጣው ይወጣል፣ ከዚያ ይረጫል። መዥገር ግት ላይ መጣበቅ ስለሚወድ ርጭቱም እዚያው ያርፋል። ማታ ከማለብዎ በፊት ግቱን በለብታ ውሃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። ጡቱን ቅቤ ቀብተው የሚያልቡ ካሉ መጀመሪያ ይታጠብ፤ ቅባቱ የቀረውን መድኃኒት ከቆዳው እያነሳ ወደ ማለቢያው ያወርደዋል። መታጠብ ግን ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያነሳው። ዲያዚኖን የተባለው ሌላው የመዥገር መድኃኒት በቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ስለዚህ ወተቱ ሳይሸጥ የሚቆይባቸውን ቀናት ጠርሙሱ ላይ አንብቦ መጠበቅ እንጂ ከሌላ ላም ወተት ጋር ቀላቅሎ ማቅጠን መፍትሔ አይሆንም።

የሰብል መድኃኒት ከብት ላይ መርጨት። ለጎተራ የተገዛ ማላታይን ለላም አይሆንም። መኖም ያው ነው፦ ከደምቢያ የሽምብራ ገለባ ሲገዙ ማሳው መቼ እንደተረጨ ይጠይቁ።

በመድኃኒት ጀሪካን ወተት መያዝ። ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ይመጠዋል፤ ፍል ውሃም የወይራ ጢስም አያጠራውም። ሲያልቅ በስተው ያስወግዱት፣ ለልዋጭ አይስጡት።