ስለ አንቀጽ 629 ሲከራከሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ግብረ ሰዶም ወንጀል መሆኑ ይቅር ወይስ ይቀጥል?» የሚለው ጥያቄ ሐዋሳ ላይ በሕግ ተማሪዎች መድረክ ሲነሣ አዳራሹን የሚያናውጠው የእምነት ልዩነት ብቻ አይደለም። ብዙው ሰው ሕጉን ሳይገልጥ ይገባበታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አንቀጾቹን መደባለቅ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ግብረ ሰዶምን የሚቀጣው በቀላል እስራት ነው፤ ይኸውም በአንቀጽ 106 መሠረት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። «15 ዓመት ያስፈርዳል» የሚባለው ከአንቀጽ 630 የመጣ ሲሆን ማስገደድ ወይም ማታለል ሲኖር ነው። የሕፃናቱ ደግሞ አንቀጽ 631 ነው፤ ተበዳዩ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። የሕጉን መሰረዝ የሚቃወመው «ልጆቻችንስ?» ሲል የሚደግፈው 631ን ማንበብ ሲገባው ይቆጣል። ክርክሩም እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው፣ ከወንጀልነት ማውጣትንና ጋብቻን አንድ ማድረግ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ቅጣቱን አንሥቶ በ2023 ግን ጋብቻውን አልፈቀደም። ሆኖም «አንዱ ሌላውን ይጎትታል» የሚለው ስጋት በፌዝ የሚታለፍ አይደለም፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የአገሩን ሕግ ያጸናው ይህንኑም አንሥቶ ነው። ከ18 ቀን በኋላ የቦትስዋናው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በተቃራኒው ወሰነ። ከሁለቱ የሚመቸውን ብቻ ይዞ የሚመጣ ተከራካሪ፣ ሌላው ከተጋጣሚው አፍ ሲወጣ መልስ ያጣል።

«ቅኝ ገዢዎች የተዉት ሕግ ነው» የሚለው ለኬንያ ይሠራል፣ ለእኛ አይሠራም። «ግብረ ሰዶም ከውጭ የመጣ ነው» ባዩም ቢሆን ይጠንቀቅ፦ ድርጊቱን በአንቀጽ 600 የቀጣውን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። የሳቸው አገር ደግሞ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚፈጸመውን መቅጣት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው።

ሕጉ ይሰረዝ የሚል አቤቱታ ለሲዳማ ክልል ምክር ቤት ማቅረብም ከንቱ ድካም ነው። የወንጀል ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥልጣን ነው። «ፍርድ ቤት ይሻረው» የሚለውም እንደ ኬንያ አይደለም፤ እኛ ዘንድ የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወሰነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የመከራከሪያው ርእስ «ምክር ቤቱ አንቀጽ 629ን ሊሰርዝ ይገባል» ቢባል ይጠራል።

ስለ ቃሉም አስቀድመው ይስማሙ። «ግብረ ሰዶም» የሕጉ ቃል ነው፣ ግን ፍርዱን ይዞ ይገባል፤ «የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት» ግን አይፈርድም። ካልተስማሙ ግማሹ ሰዓት በስም ክርክር ያልፋል።

የመጨረሻው፣ ጣት መቀሰር። «አንተስ?» ብሎ መጠየቅ በዚህ ሕግ ሥር ሰውን ራሱን እንዲከስስ ማስገደድ ነው። ጥያቄዎች ስም በሌለው ብጣሽ ወረቀት ይሰብሰቡ፤ የመድረክ መሪው አስቀድሞ ያንብባቸው፤ የሰው ስም ያለበትን ወዲያው ይቅደደው፤ በስልክ መቅረጽም ከመጀመሪያው ይከልከል።