ፎቶው ከዶማው ይጀምራል፦ ባሕር ዳር ላይ በግቢያችን አበባ አሳድጎ ፎቶ ማንሳት

ባሕር ዳር አበባ አትነፍግም። ሰኔ ላይ መሬት የተሰካ እንጨት ሁሉ የሚያቆጠቁጥ ይመስላል። ግን ሰው ያበበ ግቢውን በስልኩ ሲያነሳ ብዙ ጊዜ ይከፋዋል። ጽጌረዳው ቀይ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ከኋላው የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ይታያል። ዓይን ያየው ውበት ስልኩ ውስጥ የለም።

እኔም ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የስልኬ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። የአበባ ፎቶ ግማሹ የሚያልቀው ግንቦት ላይ፣ ዶማ ይዘን የት እንደምንቆፍር ስንመርጥ ነው። ስለዚህ ከመትከል እጀምራለሁ፤ ካሜራው ይደርሳል።

መጀመሪያ ፀሐይዋን ተከታተሉ

ቤት የምትውሉበት አንድ ቀን ምረጡ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ከዚያ 10 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ፀሐይ የነካውን ቦታ በጠጠር ምልክት አድርጉበት። ጽጌረዳ፣ ቡገንቪላ፣ ማሪጎልድ፣ ዚኒያ ሁሉም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ቅጠል እንጂ አበባ አትጠብቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በእኛ ከተማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አትቆምም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ጣና በኩል ታዘነብላለች። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ትዞራለች፤ ታኅሣሥ ላይ የቤቱ ጥላ በሰሜን በኩል ይረዝማል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሰኔ ላይ በቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር አራት ጽጌረዳ ተከልኩ። ክረምቱን አማረባቸው። ኅዳር ሲገባ ጥላ ዋጣቸው፤ ግንዳቸው ቀጥኖ ብርሃን ፍለጋ ወደ ውጭ ተንጋደደ። አንድም እንቡጥ አልሰጡኝም። ነቅዬ ማዛወር ነበረብኝ።

ለፎቶ ስትሉ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጨምሩ፦ ጠዋት ካሜራ ይዤ የት ነው የምቆመው? እኔ የምመክረው የአበባ መደቡን ከእናንተ በስተምሥራቅ ማድረግ ነው፤ ከመደቡ ኋላ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ይኑር። ጠዋት ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ብቅ ስትል አበባውን ከጀርባው ታበራዋለች። አጥሩ ግን ወደ እናንተ ያለው ፊቱ ገና ጥላ ውስጥ ነው፤ ይጠቁራል። በጥቁር ላይ የሚያበራ አበባ ታገኛላችሁ፤ ያለ አፕሊኬሽን፣ ያለ ምንም። የቡና ዛፍ ያለው ሰው ከዚያ የተሻለ ጀርባ መፈለግ የለበትም።

አፈሩ

አንድ እፍኝ እርጥብ አፈር ጨብጡና ልቀቁት። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ውሃ የሚቋጥር ነው፤ ዋልካ መሬት እንዲህ ነው። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሥር ያበሰብሳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወደ ታች ከመቆፈር መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዙት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ፍጉ ትኩስ እንዳይሆን፤ ሥር ያቃጥላል። ሁለት ሦስት ወር ተከምሮ ሽታው የጠፋ መሆን አለበት። የቡና አተላ ካላችሁ ከኮምፖስቱ ጋር ይግባ።

ምን ልትከል?

ጀማሪ ከሆናችሁ አምስት ነገር ይበቃል።

ማሪጎልድ በዘር ነው። ከተዘራ ከ50 እስከ 60 ቀን ውስጥ ያብባል፤ በደመና ወራት ትንሽ ይጓተታል። ለእንቁጣጣሽ ከፈለጋችሁት ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝሩት። ዚኒያም እንደዚያው።

አደይ አበባን ብዙ ሰው ከሜዳ ብቻ የምትለቀም አድርጎ ያስባታል። ግቢም ትበቅላለች። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የደረቀውን ራሷን ሰብስባችሁ ሰኔ ላይ ከመደቡ ዳር በተኗት። አታሞላቅቋት፤ ፍግ የበዛበት መሬት ቁመት እንጂ አበባ አይጨምርላትም።

ቡገንቪላ የበጋው ነው። ሁሉም ሲደርቅ እሱ ይደምቃል። ውሃ አታብዙበት፤ ትንሽ ሲጠማ ነው ይበልጥ የሚያብበው።

ጽጌረዳ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል።

ጽጌረዳን ከቅርንጫፍ ማብቀል

ጎረቤት ያለውን የምታምር ጽጌረዳ ለምኑ። አይከለክሏችሁም፤ እንዲያውም የእኔ ጎረቤት «ልጄ፣ አበባ ሲሰጡት ነው የሚበረክተው» ብለው ሦስት ቅርንጫፍ ነው የቆረጡልኝ። አሁን የግቢዬ ሮዝ ጽጌረዳ በሙሉ የዚያ ዘር ነው።

ቅርንጫፉ የእርሳስ ውፍረት ይኑረው፤ አበባው በቅርቡ የረገፈበት ቢሆን ጥሩ ነው። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቁረጡት፤ ሦስት ወይም አራት አንጓ ይኑርበት። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር በሰያፍ ቁረጡ። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን አርግፉ። ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ። ዙሪያውን በጣት ጫን ጫን አድርጉና አጠጡት።

አሁን ሃይላንድ ያስፈልጋል። የሁለት ሊትር የውሃ ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ ቅርንጫፉ ላይ ድፉበት። ክዳኑን በሦስት ቀን አንዴ ለትንሽ ጊዜ ክፈቱት። ውስጡ ጤዛ ሲቋጥር ታያላችሁ፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው። ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ አዲስ ቀይ ቡቃያ ያወጣል። ቡቃያ አየሁ ብላችሁ አትንቀሉት፤ ሥር ሳይዝም የሚያቆጠቁጥ አለ። ቀስ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉት እምቢ ካለ ይዟል ማለት ነው።

ጽጌረዳ ካደገ በኋላ ቀጠሮ ማስያዝ ይቻላል። ከተገረዘ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ያብባል። ለገና እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ ኅዳር 10 አካባቢ ግረዙት። መቀሱ ስለታም ይሁን። ወደ ውጭ ከምታይ ቡቃያ ትንሽ ከፍ ብላችሁ በሰያፍ ቁረጡ። ወደ ውስጥ የምታየዋን ካስቀራችሁ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ ይጠላለፍና ፎቶ ላይ ጫካ ይሆናል።

ውሃና ተባይ

ከየካቲት እስከ ግንቦት ጠዋት ወይም ማታ አጠጡ፤ ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አይደለም። መሬቱን በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ሸፍኑት። ምስጥ ያለበት ሰፈር ከሆነ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። እንቡጥ ላይ ክሽክሽ ከሰፈረ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ የቅጠሉን ሆድ ጨምሮ እርጩት። በሳምንቱ ድገሙት።

አሁን ስልኩን አውጡ

ሌንሱን ጥረጉ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙው የደበዘዘ ፎቶ የጣት ቅባት ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ማታ ከ11 ሰዓት በኋላም ብርሃኑ ያምራል፤ ለእኔ ግን ጠዋት ይበልጣል። ምክንያቱ ሐይቁ ነው። ቀን መሬቱ ሲሞቅ ከጣና ላይ ነፋስ ወደ ከተማው ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ሰው እፎይ የሚልበት ያ ነፋስ ለአበባ ፎቶ ፀር ነው። ጠዋት ቅጠል አይንቀሳቀስም። ጤዛውም ገና አልረገፈም። ነፋስ ካስቸገራችሁ ቀጭን ሸምበቆ ከግንዱ አጠገብ ተክላችሁ ከአበባው ዝቅ ብሎ በክር እሰሩት፤ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ።

ከዚያ ተንበርከኩ። ቆሞ ወደ ታች የተነሳ አበባ ሁልጊዜ ጀርባው አፈር ነው። ስልኩ ከአበባው አንገት ጋር እኩል ሲሆን ጀርባው ይርቃል፤ ሲርቅ ደግሞ ይደበዝዛል። የስልኩ ፖርትሬት፣ ማለትም ጀርባውን በራሱ የሚያደበዝዘው የካሜራ አማራጭ፣ የሚሠራው ብዥታ የአበባውን ቅጠል ዳር አብሮ ይበላል። እውነተኛ ርቀት የሚሰጠው ብዥታ ግን ዳሩን አይነካም።

በጣም አትጠጉ። አብዛኛው ስልክ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ፎከስ ይስታል። ትንሽ ራቁና ቆይታችሁ ፎቶውን ቁረጡት፤ በጣት እየዘረጋችሁ ዙም ከማድረግ ይሻላል። ስክሪኑ ላይ አበባውን ነክታችሁ ጣታችሁን አቆዩ፤ ፎከሱ ይቆለፋል። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች ሳብ አድርጉና ብርሃኑን ቀንሱ። ይህች እርምጃ ለቢጫና ለቀይ አበባ የግድ ናት። አደይ አበባን ስልኩ እንደመሰለው ካነሳት ቢጫ ጥፍጥፍ ትሆናለች፤ ቅጠሎቿ ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ይጠፋሉ። ብርሃኑን ዝቅ ስታደርጉ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ቀይ ጽጌረዳም እንደዚያው ነው፤ እጥፋቱ የሚታየው ሲጨልም ነው።

ፀሐይ ከጠነከረ ነጠላ አምጡ። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ በፀሐይዋና በአበባው መሃል ይወጥረው። ብርሃኑ በነጠላው ሲያልፍ ወተት ይመስላል፤ ደረቁ ጥላ ይጠፋል። በክረምት ደመናው ራሱ ነጠላ ነው። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴን «ፀሐይ የለም» ብላችሁ አትለፏቸው። የዝናብ ጠብታ ያለበት ጽጌረዳ በደመና ሥር የሚያሳየውን ቀለም በጋ ላይ አታገኙትም።

በማሰሮ ወይም በቀለም ባልዲ የተተከለ አበባ ካላችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ። ባልዲውን በተከፈተ በር ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ ላይ አስቀምጡት። የቤቱን መብራት አጥፉ። የበሩ ውስጥ ከአበባው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጨለማ ስለሆነ ፎቶው ላይ ጥቁር ከፋይ የተዘረጋ ይመስላል። ነጭ አበባ ለዚህ ወደር የለውም።

አንድ ጠዋት ቡገንቪላን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ያ ሐምራዊው አበባ አይደለም፤ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ጽዋ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። እኔ ለዓመታት በሥሩ አልፌ ያየኋት ስልኬ ላይ ነው። ፀሐይ ከኋላ ስትመጣ የሐምራዊው ቅጠል ሥሮች እንደ ካርታ ይነበባሉ፤ ነጯ አበባ ደግሞ በመሃል ለብቻዋ ትበራለች። ፀሐይ ፊት ለፊት ሌንሱ ላይ እንዳትወድቅ በሌላው እጃችሁ መዳፍ ከልሉት።

ከግቢ ውጭ አንድ ማስጠንቀቂያ

ጣና ዳር ለፎቶ ስትወርዱ ሐምራዊ አበባ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ታያላችሁ። የላይኛው ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው፤ በጣም ያምራል። እምቦጭ ነው። ሐይቁ ላይ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን ምን ያህል እንዳስለቀሰ እናውቃለን። በሚመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ፎቶ አንሱት። አንድ ሥር ግን ወደ ቤት አታምጡ፤ ለባልዲም ለገንዳም ቢሆን። አበባ የሚወድ ሰው ሐይቁንም ይወዳል ብዬ አምናለሁ።

ዘሩን መያዝ

በዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፣ ዝናቡ እየቆመ ሰማዩ ይጠራል፤ ግቢው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ብዙ ፎቶ የማነሳው ያኔ ነው። በዚያው ሰሞን ከማሪጎልዱ፣ ከዚኒያውና ከአደይዋ በጣም ያማሩትን ሁለት ሦስት ራስ ሳትቆርጡ ተዉ፤ እዚያው ይድረቁ። ኅዳር ላይ ጠዋቱ ጤዛ ከረገፈ በኋላ ለቅማችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ፤ በላስቲክ ከሆነ ይሻግታል። ፖስታው ላይ ስሙን፣ የተለቀመበትን ቀን ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ ያ አበባ የቆመበት ቦታ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ፀሐይ እንዳገኘ ጨምሩ። ሰኔ ላይ ዶማ ስታነሱ መጀመሪያ የምታነቡት እሱን ነው።