ቤት የተቀመጠች የድሮ ኦሜጋ ሰዓት እንዴት ትመረመራለች

የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ኦሜጋ መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልላ ካለች ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ አትሙሏት። ትሰራ ይሆን ብሎ መሞከር እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፣ ግን ለዓመታት የቆመች ሰዓት ውስጥ ያለው ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ሞልታችሁ ስታስነሷት ብረት ለብረት ነው የሚፋጨው፣ እና እስከዛሬ ደህና የነበረ ዕቃ በጥቂት ሳምንት ሊበላ ይችላል። ደሞ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ከማበስ በቀር ምንም አታድርጓት፣ የጥርስ ሳሙና የለ፣ ፖሊሽ የለ፣ አልኮል የለ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው "ኦሪጅናል ናት ወይስ ፎርጅድ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዕቃ እውነተኛ ኦሜጋ ሆኖ ሰዓቷ ግን ከሶስት አራት ሰዓት የተለቃቀመች ልትሆን ትችላለች። ስለዚ እኔ የምለው ዕቃዎቿ እርስ በርስ ይስማማሉ ወይ ብላችሁ መርምሩ ነው።

ይሄ ችግር የመጣው ከራሱ ከኦሜጋ ታሪክ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ሉዊ ብራንት 1848 ላይ ስዊዘርላንድ ላ ሾ ደ ፎን በምትባል የጁራ ተራራ ከተማ ስራ ሲጀምር ገና የ23 ዓመት ልጅ ነበር፣ የአካባቢው ባለሙያዎች የሰሯቸውን ክፍሎች እየሰበሰበ የኪስ ሰዓት ይገጣጥም ነበር። በዛን ጊዜ አንድ ክፍል ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው በእጅ ተሞርዶ የሚስተካከለው፣ ከአንዱ ፈታችሁ ሌላው ላይ ብታስገቡት አይገባም። ልጆቹ ሉዊ ፖልና ሴዛር 1880 ላይ ስራውን ቢየን ወደምትባል ሌላ የስዊዘርላንድ ከተማ ወሰዱት፣ ፋብሪካ አቋቋሙ፣ ማሽን አስገቡ፣ ከዛ 1894 ላይ ኦሜጋ የሚል ስም የሰጡትን የሰዓት ሞተር አወጡ። የዚህ ሞተር ጉዱ ምንድነው፣ የትኛውም ክፍል ቢሰበር የትም አገር ያለ ሰዓት ሰሪ አዲሱን አዝዞ ያለ ሞረድ መግጠም ይችላል። ስሙ በጣም ስለገነነ 1903 ላይ ድርጅቱ ራሱ ኦሜጋ ተባለ። ሰው ሁሌ የሚያወራው ኦሜጋ ጨረቃ ላይ ስለመሄዷና ኦሎምፒክ ላይ ጊዜ ስለመያዟ ነው፣ ለኔ ግን የእነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ትልቁ ስራ ይሄ ነው፣ የአያታችሁ ሰዓት ዛሬም ልትጠገን የምትችለው በዚህ ነው። ክፍሎቹ ግን ለጥገና የሚመቹትን ያህል ለማጭበርበርም ይመቻሉ።

ምን ያህል እንደሚመቹ ለማወቅ ስፒድማስተር ከሚባለው የኦሜጋ ሞዴል አንዷን ማየት ነው። 2021 ላይ ጄኔቫ ውስጥ ጨረታ ላይ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠች፣ የገዛው ራሱ ኦሜጋ ነው፣ ለሙዚየሙ ብሎ። 2023 ላይ ድርጅቱ ሰዓቷ ከተለያየ ሰዓት ዕቃ ተገጣጥማ የተሰራች መሆኗን አሳወቀ፣ የድሮ ሰራተኞቹም እጃቸው እንዳለበት ተናገረ። ድርጅቱ ራሱ ከተሸወደ እኛማ ከመግዛታችንም ከመሸጣችንም በፊት ረጋ ብለን ብናይ ነው የሚሻለው።

እሺ አሁን ወደ ስራው እንግባ። ጥሩ አጉሊ መነጽርና የቀን ብርሃን ያስፈልጋችኋል፣ የስልክ ካሜራም አሪፍ ይሰራል።

ከፊቷ ጀምሩ፣ ምክንያቱም የድሮ ሰዓት ዋጋ አብዛኛው ፊቷ ላይ ነው። ጽሁፉን አጉልታችሁ እዩት፣ የፋብሪካ ፊደል ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ ድጋሚ ቀለም የተቀባ ፊት ላይ ግን ፊደሎቹ ወፈር ይላሉ፣ አንዱ ከአንዱ ርቀቱ ይዛባል፣ የደቂቃ ጭረቶቹም ከሰዓት ምልክቶቹ ጋር ልክ አይገጥሙም። ከ6 ቁጥር ስር ስዊስ ሜድ የሚለው ጽሁፍ ተንጋዶ ወይም ጠርዙ ላይ ተቆርጦ ካያችሁ ጠርጥሩ። ፊቷ ትንሽ ቢጫ ብትል፣ ነጠብጣብ ቢኖራት አትዘኑ! እድሜዋ ነው፣ ሰብሳቢዎች ከታደሰ ፊት ይልቅ ያረጀውን ነው የሚፈልጉት። ሰዓት ሰሪው "ፊቷን አዲስ ላስመስላት" ካላችሁ እምቢ በሉ።

መስታወቷ ላስቲክ መሳይ ከሆነ (ፕሌክሲ ነው የሚባለው) መሃሉ ላይ በጣም ደቃቅ የኦሜጋ ምልክት ተቀርጾ ይገኛል፣ በአይን ብቻ አይታይም፣ ብርሃኑን አጋድማችሁ በመነጽር ነው የምታገኙት። ባይኖር ግን መስታወቷ ተቀይሯል ማለት ብቻ ነው፣ በዛ ብቻ ፎርጅድ ናት እንዳትሉ። የጎን መሙያዋ ላይም ምልክቱ አለ፣ እሱም ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

ቆጣሪዎቿ (ሰዓትና ደቂቃ ጠቋሚዎቹ) ላይ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ካለ ጥንቃቄ፣ ከ1960ዎቹ በፊት የነበረው ሬዲየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ነገር ነው። እጅ ላይ ማሰር ሌላ ነገር ነው፣ ዋናው አደጋ ቀለሙ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ነው፣ ስለዚ ራሳችሁ ከፍታችሁ እንዳትነካኩት።

ጀርባዋን ገልብጡ። ሲማስተር የሚባለው ሞዴል ከሆነች ብዙ ጊዜ ጅራቱ እንደ አሳ የሆነ የባህር ፈረስ አለ፣ ኮንስቴሌሽን የሚባለው ከሆነች ደግሞ ስምንት ኮከብ ያለበት የኮከብ መመልከቻ ህንጻ አለ። ሲማስተር የጀመረው 1948 ነው፣ ኮንስቴሌሽን 1952፣ ስፒድማስተር 1957። ይሄን ካወቃችሁ "የ1940 ኮንስቴሌሽን ናት" የሚላችሁን ሰው ወዲያው ታውቁበታላችሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰዓት ሰሪ ይክፈተው፣ በቢላ እንዳትሞክሩ፣ ብዙ ጥሩ ሰዓት የተጫረው በቢላ ነው። ግን አጠገቡ ቁሙና ሁለት ቦታ ፎቶ አንሱ። አንደኛው የጀርባ ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ነው፣ እዛ ላይ የኦሜጋ ማህተምና የሞዴል ቁጥር አለ፣ ወርቅ ከሆነችም የወርቁ ማህተም እዛው ነው፣ 18 ካራት 0.750 ተብሎ ይጻፋል፣ ወርቅ ቅብ ከሆነችም አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። ሁለተኛው ሞተሩ ራሱ ነው። የ1950ዎቹና 60ዎቹ ሞተር ቀላ ያለ የመዳብ መልክ አለው፣ በጣም ነው የሚያምረው፣ እላዩ ላይ የሞተሩ አይነት በሶስት አሃዝ እና ረጅም ተከታታይ ቁጥር ተቀርጿል። ረጅሙ ቁጥር ነው እድሜዋን የሚነግራችሁ። በግርድፉ 10 ሚሊዮን ማለት 1944 አካባቢ ነው፣ 12 ሚሊዮን 1950፣ 14 ሚሊዮን 1954፣ 17 ሚሊዮን 1959፣ 20 ሚሊዮን 1963፣ 25 ሚሊዮን 1967። አንድ ሁለት ዓመት ወዲህ ወዲያ ማለት ያለ ነው።

አሁን ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀምጡት። ለምሳሌ የ60ዎቹ አውቶማቲክ (በእጅ እንቅስቃሴ ራሷ የምትሞላ) ኮንስቴሌሽን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 551፣ 561 ወይም 564 ነው የሚገኘው፣ እነዚህ ክሮኖሜትር የሚባለውን የትክክለኛነት ፈተና ያለፉ ሞተሮች ናቸው፣ በአምስት አቀማመጥና በሙቀት ቅዝቃዜ የተስተካከሉ መሆናቸው እላያቸው ላይ ተጽፏል። ፊቷ ኮንስቴሌሽን እያለ ሞተሩ 552 ወይም 565 ከሆነ፣ ሞተሩ ጥሩ ኦሜጋ ነው ግን ክሮኖሜትር አይደለም፣ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ቀይሯል ማለት ነው። እንደዚሁ ቁጥሩ 24 ሚሊዮን የሆነ ሞተር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወጣ የሞዴል ቁጥር ክዳን ስር ካገኛችሁት አይስማሙም። ስፒድማስተር ከሆነች ደግሞ ውስጧን እዩ፣ 321 የሚል ካገኛችሁ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ 1965 ላይ ፈትኖ ያሳለፈው አይነት ሞተር ነው፣ 1968 አካባቢ ነው በ861 መተካት የጀመረው፣ እና እሷን ሌላ ሰው ሳታማክሩ እንዳትሸጡ።

ታጥባ ዘይት ከተቀባች በኋላ ጆሯችሁ ላይ አድርጉና አዳምጧት። ከላይ የጠቀስኳቸው 551፣ 552፣ 561 እና የመሳሰሉት የ550 ቤተሰብ ሞተሮች በሰዓት 19,800 ጊዜ ነው የሚመቱት፣ በሰከንድ አምስት ተኩል ማለት ነው፣ ድምጹ እኩል መሆን አለበት፣ የሚያነክስ ከሆነ መልሳችሁ ውሰዷት። በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረች ደሞ አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ ማግኔት ነክቷት ነው (ስፒከር አጠገብ አታሳድሯት)፣ በደቂቃ የሚያልቅ ስራ ነው። በእጅ የምትሞላ ከሆነች እምቢ እስክትል ሙሏትና እዛው ላይ አቁሙ። ቀን የምታሳይ ከሆነች ከማታ 3 ሰዓት እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኗን አትንኩ፣ በዛ ሰዓት ጥርሶቹ ቀን ለመቀየር ተያይዘው ነው የሚቆዩት። ውሃ ደሞ በጭራሽ፣ ጀርባዋ ላይ ዋተርፕሩፍ ቢልም ጎማው ካረጀ ቆይቷል።

ለጥገና ስትሰጧት ሶስት ነገር ቀድማችሁ ተናገሩ፣ አካሏ ፖሊሽ እንዳይደረግ፣ ፊቷ እንዳይነካ፣ የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌው በትንሽ ላስቲክ ተደርጎ እንዲመለስላችሁ። አሮጌ መሙያና አሮጌ ቆጣሪ ብታዩት የሚጣል ይመስላል፣ ግን ከሰዓቷ ጋር ከፋብሪካ የወጣው እሱ ስለሆነ ካነሳችሁት ፎቶ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት።