ሐዋሳ ላይ በዊንድሰርፍ (ሸራ ባለው የውሃ ቦርድ) መዝለል ለምትለማመዱ

ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ስላለ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ባሕር ላይ 5 ሜትር ካሬ ሸራ በሚበቃበት ነፋስ እዚህ 5.8 ያዙ። ቦርዱ ከውሃው ቀለል ብሎ መንሸራተት ካልጀመረ ዝላይ አይታሰብም።

ፍጥነት ስትይዙ መጀመሪያ የወገባችሁን መንጠቆ ከሸራው ገመድ አላቁ። ከፊታችሁ ትንሽ ሞገድ ስትመጣ ቦርዱን ወደ ነፋሱ ጥቂት አዙሩ፤ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ በኋላ እግራችሁ የቦርዱን ጅራት (የኋላ ጫፉን) ጫኑ። አፍንጫው ብድግ ሲል ወደ ላይ ተስፈንጠሩና ተረከዛችሁን ወደ መቀመጫችሁ ሰብስቡ። በፊት እግራችሁ በነፋሱ በኩል ያለውን ጠርዝ ወደ ላይ ሳቡ፤ ነፋሱ ከሥር ገብቶ የሚያነሳችሁ ያኔ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው አየር ላይ ደንግጦ የኋላ እጁን ሲለቅ ነው፤ ሸራው ነፋስ ያጣና በጀርባ ይጥለዋል። እጃችሁን ሳብ እንዳደረጋችሁ ቆዩ። ስታርፉ ጅራቱ ቀድሞ ውሃ ይንካ፤ ቦርዱ በሆዱ ጠፍ ካለ እሱም ቁርጭምጭሚታችሁም ይጎዳሉ። የእግር ማሰሪያው ውስጥም አትዝለቁ፣ ጣቶቻችሁ ብቻ ብቅ ይበሉ።

አደራ፣ መረብ ከተጣለበትና ጉማሬ ከሚታይበት ዳር ራቁ።