ስሎቱ አለ፣ ድግምቱ የለም፦ ድርብ ሙያ ያለው አስማተኛ ጠረጴዛውን ሲያጨቃጭቅ

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን፣ ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ ይዘናል። አንድ ተጫዋቻችን የገጸ ባሕርዩን ወረቀት አየት አድርጎ «ፋየርቦል እወረውራለሁ» አለና (የሦስተኛ እርከን የእሳት ድግምት ነው) ስምንት ዳይስ ከመሀል ሰብስቦ በመዳፉ ያንኳኳ ጀመር። ወረቀቱ ላይ «ክሌሪክ 3፣ ዊዛርድ 3» ይላል፤ በሁለት የአስማት ሙያ ሦስት ሦስት ደረጃ አለው ማለት ነው። ከሥሩ ለሦስተኛ እርከን ስሎት፣ ማለትም ድግምት በተነሣ ቁጥር ለሚከፈለው ዕድል፣ ሦስት ክቦች በእርሳስ ተሥለዋል። ክቦቹ ትክክል ናቸው፤ ፋየርቦሉ ግን አይቻልም። በዚህች አንዲት ነገር ለመስማማት አርባ ደቂቃ ፈጀብን፤ በጨዋታው ውስጥ የምንዋጋቸው ጎብሊኖችም በሩ ላይ እንደቆሙ ጠበቁን።

የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ደንብ እዚህ ላይ የሚያደናግረው ግማሹ ከቃሉ የተነሣ ነው። እንግሊዝኛው የገጸ ባሕርዩንም፣ የሙያውንም፣ የድግምቱንም፣ የስሎቱንም መጠን «ሌቭል» ብሎ ይጠራቸዋል። አማርኛ ቃል አይቸግረውምና ለሰውየውና ለሙያው «ደረጃ»፣ ለድግምቱና ድግምቱን ለማስነሣት ለሚከፈለው ስሎት ደግሞ «እርከን» እላለሁ። ቁጥሮቹ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም ናቸው። የ2024ቱ ማሻሻያ የለወጠውን በየቦታው እጠቅሳለሁ። ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት ማን በየትኛው መጽሐፍ እየተጫወተ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙው ጠብ እዚያው ላይ ይበርዳል።

ምልክት፦ ተጫዋቹ አንዱም ሙያው ያልደረሰበትን ድግምት መዝግቧል

ምክንያቱ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ሠንጠረዥ መመለሳቸው ነው። «ስንት ስሎት አለኝ?» ለሚለው ደንቡ የሙያዎቹን ደረጃ ደምሮ ይመልሳል። «የትኛውን ድግምት አውቃለሁ፣ የትኛውን አዘጋጃለሁ?» ለሚለው ግን እያንዳንዱን ሙያ ለብቻው ያቆመዋል፤ ሌላኛው ሙያ እንደሌለ ይቆጠራል። የእኛ ሰው 3 እና 3 ሲደመርለት የስድስተኛ ደረጃ አስማተኛ ስሎት ያገኛል፦ አራት የአንደኛ፣ ሦስት የሁለተኛ፣ ሦስት የሦስተኛ እርከን። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ዊዛርድ ግን ከሁለተኛ እርከን በላይ ማዘጋጀት አይችልም፤ ክሌሪኩም እንደዚያው። ትልቅ ድስት የገዛ ሁሉ ዶሮ ወጥ መሥራት አይችልም።

መፍትሄው በወረቀቱ አሠራር ላይ ነው። ስሎቶቹን በአንድ ሳጥን አስቀምጡ። ድግምቶቹን በሁለት ዓምድ ለዩና በየዓምዱ አናት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ድግምት እንደሚዘጋጅ፣ እስከ ስንተኛ እርከን፣ በየትኛው ችሎታ። የተጫዋቻችን ጥበብ 16 ስለሆነ ጭማሪው 3 ነው፤ ስለዚህ የክሌሪኩ ዓምድ 3 ሲደመር 3፣ ስድስት ድግምት ይይዛል። የአእምሮ ብቃቱ 14 ነውና የዊዛርዱ ዓምድ 3 ሲደመር 2፣ አምስት ይሆናል። በሁለቱም አናት ላይ «እስከ ሁለተኛ እርከን» ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ፤ ፋየርቦሉንም ራሱ በላጲስ አጠፋው። በ2024ቱ ደንብ የሚዘጋጀው ብዛት በየሙያው ሠንጠረዥ ላይ ታትሞ ስለሚገኝ ይህ መደመር ቀርቷል። ዓምዶቹ ግን አሁንም ሁለት ናቸው።

«ታዲያ ሦስቱ ትልልቅ ስሎቶች ለምን ይበጁኛል?» ብሎ አኮረፈ። ይበጃሉ፤ ዝቅ ያለውን ድግምት ከፍ አድርጎ ለማስነሣት። ሆልድ ፐርሰን በሁለተኛ እርከን ስሎት አንድ ሰው ያደርቃል፣ በሦስተኛው ሁለት። ማጂክ ሚሳይል በአንደኛው ሦስት ፍላጻ ይወረውራል፣ በሦስተኛው አምስት። ሁሉም ግን አያድግም፤ ሺልድ የተባለውን የመከላከያ ድግምት በሦስተኛ እርከን ስሎት ማስነሣት በመቶ ብር ክብሪት ገዝቶ መልሱን እንደመተው ነው። በዚያች ምሽት ሆልድ ፐርሰን ሁለት ጎብሊኖችን በሩ ላይ አድርቆ አስቀረልን።

ይኸው ስህተት በሌላ በር ደግሞ ይገባል። ዊዛርዱ የፋየርቦል ጥቅልል ያገኝና «የሦስተኛ እርከን ስሎት ስላለኝ ወደ ድግምት መጽሐፌ ልገልብጠው» ይላል። መገልበጥ የሚፈቀደው በዊዛርድነቱ ሊያዘጋጅ የሚችለውን እርከን ብቻ ስለሆነ አምስተኛ የዊዛርድ ደረጃ እስኪደርስ ይጠብቅ። ያኔም ቢሆን በየእርከኑ 50 የወርቅ ሳንቲምና ሁለት ሰዓት ይጠይቀዋል፤ ለፋየርቦል 150 ሳንቲምና ስድስት ሰዓት ማለት ነው።

ምልክት፦ ደረጃው ጨመረ፣ ስሎቱ ግን ባለበት ቆመ ወይም ጭራሽ ቀነሰ

ፓላዲን (ግማሽ ተዋጊ፣ ግማሽ አስማተኛ የሆነ ሙያ) 5 የነበረው ሰው ሶርሰረር (ሙሉ አስማተኛ) 1 ይጨምርና ወረቀቱን ሲያይ አንዲትም አዲስ ስሎት የለም። ስህተት የሠራ ይመስለዋል፤ አልሠራም። የፓላዲንና እንደሱ ግማሽ አስማተኛ የሆነው የሬንጀር ደረጃ ለድምሩ የሚገባው ግማሹ ብቻ ነው፤ በ2014ቱ ደንብ ጎዶሎው ወደታች ይወርዳል። ከ5 ፓላዲን 2፣ ከሶርሰረሩ 1፣ ድምር 3። የሦስተኛ ደረጃ ስሎት አራት የአንደኛ፣ ሁለት የሁለተኛ ነው፤ ፓላዲኑ ብቻውን እያለ የነበረውም ይኸው ነው። 2024 ላይ ጎዶሎው ወደላይ ስለሚነሣ ድምሩ 4 ይሆንና አንድ የሁለተኛ እርከን ስሎት ይጨመርለታል። በእኔ እምነት ከማሻሻያው ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ከቀነሰ ግን እውነተኛ ስህተት አለ። የድምሩ ሠንጠረዥ የሚሠራው ስሎት የሚሰጡ ሙያዎች ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነው። ፓላዲን 5 እና ባርባሪያን (ስሎት የሌለው ተዋጊ) 2 ያለው ሰው ስሎት ያገኘው ከፓላዲኑ ብቻ ስለሆነ የራሱን የፓላዲን ሠንጠረዥ ይዞ ይቀጥላል። ሳያውቅ ግማሹን ከወሰደ የሁለተኛ እርከን ስሎቶቹን በከንቱ ይጥላል።

ፓላዲንና ሬንጀርን አንድ ላይ የያዘ ሰው መጀመሪያ ደምሮ ይካፈል ወይስ ለየብቻ ይካፈል የሚለው ከደንቡ ዓረፍተ ነገር በሁለቱም መንገድ ይነበባል። እኔ አልከራከርበትም። በጉልበት፣ በቅልጥፍና፣ በጥበብና በግርማ ሞገስ በአራቱም 13 እና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠይቃልና ጠረጴዛዬ ላይ እስካሁን ማንም አልደፈረውም።

ምልክት፦ የዋርሎኩ ስሎቶች ከሁሉ ጋር ተደባልቀዋል

ሶርሰረር 4 እና ዋርሎክ 3 ያለው ሰው ሰባት ብሎ ደምሮ የአራተኛ እርከን ስሎት ይዞ ይመጣል። ዋርሎክ በድምሩ ውስጥ የለም። ስሎቱን የሚያገኘው ከኃያል ፍጡር ጋር ከገባው ውል ስለሆነ ቋቱ ሌላ ነው። ትክክለኛው ሂሳብ ከሶርሰረሩ አራት የአንደኛና ሦስት የሁለተኛ፣ ከዋርሎኩ ደግሞ ለብቻቸው ሁለት የሁለተኛ እርከን ስሎቶች ናቸው። የዋርሎኮቹን በአራት ማዕዘን፣ የሌላውን በክብ ሣሉ። አራት ማዕዘኖቹ ከአጭር እረፍት በኋላ ይሞላሉ፣ ክቦቹ ረጅም እረፍት ይጠብቃሉ። የአንዱን ድግምት በሌላው ስሎት ማስነሣት ግን ደንቡ በግልጽ ይፈቅዳል።

ከዚህ ፈቃድ «ኮፊሎክ» የሚባለው ብልጠት ተወልዷል፤ ስሙን ከቡና የወሰደው እንቅልፍ ስለማይተኛ ነው። የዋርሎኩን ስሎት ወደ ሶርሰረር ነጥብ፣ ነጥቡን ወደ ሶርሰረር ስሎት እየለወጠ አጭር እረፍት በአጭር እረፍት ላይ ይደራርባል። እንዲህ የተፈጠረ ስሎት በረጅም እረፍት ስለሚጠፋ ጨርሶ አያርፍም። መፍትሄው እንቅልፍ ነው፦ ሙሉ ቀን ያላረፈ ሰው ድካም እንዳይጥለው ዳይስ ይጣል የሚል አማራጭ ደንብ አለ፤ ያንን አውጡ። እኔ ከዚያም በፊት «ተው» እላለሁ።

ምልክት፦ ያው ድግምት፣ ሁለት ቁጥር

ሆልድ ፐርሰን በክሌሪኩም በዊዛርዱም ዝርዝር ውስጥ አለ። ከየትኛው ዓምድ እንደተዘጋጀ ካልተጻፈ ተቃዋሚው በዳይስ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር ይምታታል። በክሌሪኩ በኩል 8 ሲደመር 3 የብቃት ጭማሪ ሲደመር 3 ጥበብ፣ 14፤ በዊዛርዱ በኩል 13። የብቃት ጭማሪው የሚመጣው ከጠቅላላው ደረጃ ነው። ካንትሪፕም (ስሎት የማያስከፍል ቀላል ድግምት) የሚያድገው በጠቅላላው ደረጃ ስለሆነ የዚህ ሰው ፋየር ቦልት 2 ባለ አሥር ገጽ ዳይስ ያስጥላል፤ ብዙዎች ዊዛርዱ ገና 3 ነው ብለው አንዱን ይተዉታል። ደግሞም የክሌሪኩ ቅዱስ ምልክት የዊዛርዱን ድግምት አያስነሣም፤ የቁሳቁስ ከረጢት ቢገዛ ለሁለቱም ይሆነዋል።

ምልክት፦ በአንድ ተራ ሁለት ድግምት

በ2014ቱ ደንብ ሂሊንግ ወርድ የተባለውን የፈውስ ድግምት በተጨማሪ ድርጊት (ከዋናው ድርጊት ሌላ በተራው ባለው ትንሽ ድርጊት) ያስነሣ ሰው በዚያው ተራ የሚቀረው የአንድ ድርጊት ካንትሪፕ ብቻ ነው፤ ማጂክ ሚሳይል የለም። በ2024ቱ ደግሞ በአንድ ተራ ከአንድ ስሎት በላይ አይከፈልም። የተዋጊ ሙያ የሆነውን ፋይተር 2 የጨመረው ዊዛርድ ግን በድሮው ደንብ አክሽን ሰርጅን (አንድ ትርፍ ድርጊት የሚሰጥ ችሎታ) ተጠቅሞ ሁለት ፋየርቦል ቢወረውር መብቱ ነው፤ አዲሱ ደንብ በዚያ ትርፍ ድርጊት አስማት መሥራትን ከልክሎታል። እኛ በድሮው ስለምንጫወት ያ ተጫዋች አሁን ፋይተር ለመጨመር እያሰበ ነው።