ከደብረ ብርሃን ደሴ፦ ርቀቱንና የበረራ ጊዜውን በራስዎ ለማስላት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ለመጓዝ ያሰበ ሰው ርቀቱን ሲጠይቅ አንዱ 160፣ ሌላው 270 ኪሎ ሜትር ሊለው ይችላል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። የመጀመሪያው በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር የሚለካው የአየር ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው መኪና የሚሄድበት የመንገድ ርቀት ነው።

የአየር ርቀቱን ለማግኘት የከተሞቹን ኬክሮስ ይመልከቱ። ደብረ ብርሃን በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ፣ ደሴ ደግሞ 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለሚገኙ ልዩነታቸው 87 ደቂቃ ነው (እዚህ ላይ ደቂቃ የሚባለው የዲግሪ 1/60ኛ ነው)። አንዱ የኬክሮስ ደቂቃ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሲባዛ 161 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በኬንትሮስ ብዙም ስለማይራራቁ ይህን ያህል ይበቃል፤ እንደ ባሕር ዳር ወደ ምዕራብ ለሚርቅ ከተማ ግን የኬንትሮሱን ልዩነት ጨምሮ ማስላት ያስፈልጋል።

የመንገዱን ርቀት ለማወቅ ከአዲስ አበባ ደሴ ካለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ይቀንሱ። ይህን ያህል የሚረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም፦ መንገዱ ከ2800 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1300 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ በአጣዬ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ ደግሞ እንደገና ወደ ደሴ ይወጣል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ለሜዳ በሚታሰብ ፍጥነት ማካፈል አይገባም። አምስት ወይም ስድስት ሰዓት መያዝ፣ ጣርማ በርን ጉም በሚሸፍንበት ወቅት ደግሞ መጨመር ይሻላል።

የበረራው ስሌት የሚጀምረው ከቦሌ ነው፤ ከደብረ ብርሃን የሚነሣ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የለምና። ደሴን የሚያገለግለው አየር ማረፊያ ያለው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ ከቦሌ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለአገር ውስጥ የሚያገለግሉት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች አየር ላይ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ቢበሩም፣ በአጭር በረራ ብዙው ጊዜ በመውጣትና በመውረድ ስለሚያልፍ ርቀቱን ለ500 አካፍለው ለማኮብኮብ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። ውጤቱ 45 ደቂቃ ገደማ ነው።

ወደ ቦሌ ለመድረስ ሦስት ሰዓት፣ ከበረራ በፊት ለመገኘት ሁለት ሰዓት፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ላለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ 40 ደቂቃ ሲደመር ግን ጠቅላላው ከስድስት ሰዓት ያልፋል። በእኔ ግምት ከደብረ ብርሃን ለሚነሣ ሰው ደሴን በአውሮፕላን መሄድ አያዋጣም፤ ጎንደር፣ መቀሌ ወይም ጅግጅጋ ለሚሄድ ግን ትርፉ ግልጽ ነው።

ወደ እነዚህ ከተሞች ትኬት ሲቆርጡ፣ በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። 07:30 የሚለው ከጠዋቱ 1:30 ስለሆነ ቦሌ ከሌሊቱ 11:30 መገኘት አለብዎት። ለዚያ ከደብረ ብርሃን ከሌሊቱ 8:30 መነሣት ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት የሕዝብ ትራንስፖርት ስለማይገኝ ወይ አዲስ አበባ ያድሩ፣ ወይም ከቀትር በኋላ የሚነሣ በረራ ይምረጡ።