ካሮቴ ኮምቦልቻ ሳይደርስ እንዳይጠወልግ ያደረግኩት

አምና ከደሴ ጓሮዬ የነቀልኩትን ካሮት ለአትክልት ውድድር ኮምቦልቻ ይዤ ሄጄ አፍሬ ተመለስኩ። ማታ ነቅዬ፣ በብሩሽ ፈትጌ፣ ከነቅጠሉ ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቄው ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ካሮቱ እንደ ገመድ ይተጣጠፋል። ብሩሹ የጫረውም ቦታ ጠቁሯል።

ዋናው ጥፋት ቅጠሉ ነው። ከተነቀለ በኋላም ከሥሩ ውሃ መምጠጡን አያቆምም።

ዘንድሮ ዋዜማውን መደቡን በደንብ አጠጣሁ። ጎህ ሲቀድ ዙሪያውን አፈሩን አላልቼ ነቀልኩ። ቅጠሉን እዚያው ቆረጥኩት፤ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አስቀረሁ። የጫፉን ቀጭን ሥር ግን አልነካሁም፤ ከተቆረጠ ያስታውቃል።

ብሩሹን ያስጣሉኝ ጎረቤቴ ናቸው። «ድስት መሰለህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በለስላሳ ጨርቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስኩ፣ ከአንገቱ ወደ ጫፉ ቀስ ብዬ አጠብኩ። ከዚያ እርጥብ ነጠላ ላይ ደርድሬ ጠቀለልኩና ካርቶን ውስጥ አጋደምኩት። ፌስታል የለም!

20 ነቅዬ በመጠንም በመልክም የሚመሳሰሉ 5 ብቻ አገኘሁ። ግማሾቹ ሱሪ የለበሱ ይመስል እግር አውጥተዋል። ድንጋዩን በደንብ አልለቀምኩም፣ በዚያ ላይ ያልበሰለ ፍግ ጨምሬበታለሁ። እሱ የከርሞ ሥራ ነው፤ ለጊዜው ወጥ ውስጥ ገብተዋል።

አምስቱ ግን ኮምቦልቻ ሲደርሱ ቀጭ ይሉ ነበር። ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው የአንድ የሐይቅ ከተማ ሰው ቀይ ሽንኩርት ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።